ውኃ ልቀዳ ብሎ የወጣው ኪዳነ ወልድ

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለአምሳ አለቃ ወንድምአገኝ ወልደ ጻድቅ፤ ካለህበት ከዳርፉር በረሃ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ሙቀቱ፣ አሸዋው፣ ውኃው እንዴት አድርጎሃል? ዓይኔን ያቃጥለኛል ያልከኝ ተሻለህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አብረውህ ያሉት ጓደኞችህ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እኅትህ አመተሥላሴ፣ ደጋውን ወርዶ በረሃውን አቋርጦ ካለህበት የሚደርስ ሰላምታ ልኬልሃለሁ። እኛ አንተን ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንን፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

እማዬን ከገና ወዲህ ወገቧ ይዟት ሰንብቶ ነበር። አሁን ተነስታ ፀሐይ ላይ እየተቀመጠች የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ለወንድምአገኝ ባና ላሠራለት ነው ትላለች። በዚያ ሐሩር ባና ምን ያደርግለታል ብላት፣ ሲመጣ ይለብሰዋል እንጂ ማን እዚያ ላኪለት አለሽ ብላ ተቆጣችኝ። አባባም ደኅና ናቸው። ፆሙ ስለገባ ቅዳሴ አድርሰው የሚመለሱት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ከስተዋል። ገብሱን የኅዳር ውርጭ መታውና ከአውድማ የገባው ለወሬም አይበቃ። ለበልጉ መሬቱን አለስልሰን ሰማይ ሰማዩን እናያለን፤ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም።

ወንድሜ፣ ባለፈው ሞላሌ ከስንታየሁ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ በስልክ ያወራነው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር ያወራኸኝን በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት፤ ቁርጥራጩን የገጣጠምኩት ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ለእትዬ ደብሪቱ እውነቱን ንገሪልኝ ስትለኝ መስመሩ ጠፋ፤ እሺ ያልኩህን ስማ አትስማ አላወቅሁም። ስለዚህ ከእናንተ ዘንድ ለዕረፍት የመጣው የጎረቤት ቀበሌ ወታደር ፈቃዱን ጨርሶ ሊመለስ መሆኑን ስሰማ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እሺ ብዬህ ነበር። ነግሬያቸዋለሁም። የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሃለሁ፤ ልብህን ጠንከር አድርገህ አንብበው።

አስቀድሜ አስከሬኑ በመጣ ጊዜ እዚህ የነበረውን ላውጋህ፤ አንተ አልነበርክምና። አብሮ አደግህ ኪዳነ ወልድ በሳጥን ታሽጎ ነው ለእናቱ ለእትዬ ደብሪቱ የመጣላቸው። ይዘውት የመጡት ወታደሮች ጨዋዎች ነበሩ፤ አብረውን አልቅሰዋል። እንዴት እንደሞተ ሲጠየቁ ግን፣ በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ፣ መኪና እየነዳ ሳለ ነው ያለፈው፣ ዝርዝሩ ገና እየተጣራ ነው ከማለት ሌላ አልተናገሩም። መኪና እየነዳ የምትለዋ ቃል ብቻዋን ከሰው አፍ ገባች። ከቀብር ሳንመለስ መኪና ተገልብጦበት ነው ተባለ። በሠልስቱ ደግሞ እንቅልፍ ጥሎት ነው አሉ የሚል ተነሣ። እትዬ ደብሪቱ ይህን ሁሉ እየሰሙ አንገታቸውን ደፍተው፣ ልጄ እኮ ሲነዳ አያንቀላፋም ይሉ ነበር፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

አጎቱ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ግን ዝም አላሉም። ከድንኳኑ መካከል ቆመው፣ «ሱዳንን የሚጠብቅ ጠፍቶ ነው ከመንዝ ልጅ የሚወሰደው? ዓለሙ የኛ ነው የሚሉት ባለ አውሮፕላኖቹ የት ገቡ? እነሱ ብር ያዋጣሉ፣ እኛ ልጅ እናዋጣለን!» ብለው ጮኹ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔም በልቤ አበጁ ብያለሁ።

አንተ የደወልከው ከአርባው በኋላ ነው። የነገርከኝን ይዤ ቤት ስገባ ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ለአባባ ብቻ ነገርኳቸው። አባባም ሰምተው ሲያበቁ፣ እኔ የነፍስ አባታቸው ነኝ፣ ብቻሽን አትሂጂ ብለው በማግስቱ አብረውኝ መጡ። እትዬ ደብሪቱ ገብስ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም እዚያው ነበሩ።

እኔም አንተ እንዳልከኝ አድርጌ ነገርኳቸው። ከካምፓችሁ ማዶ ያለው መንደር መቃጠሉን፤ የተረፉት ከደረቁ ወንዝ ውስጥ መደበቃቸውን፤ አንድ ሽማግሌ በአህያ መጥቶ፣ መንደራችንን ያቃጠሉት ፈረሰኞች ተመልሰው ይመጣሉ፣ ድረሱልን ብሎ ከበራችሁ ላይ መንበርከኩን ነገርኳቸው። አዛዣችሁ በሬዲዮ ወደ ላይ ሲጠይቅ፣ ፈቃድ እስኪመጣ ጠብቁ እንደተባለ፤ ሄሊኮፕተር እንሰጣለን ብለው ቃል ከገቡት አገሮች አንዱም እንዳልሰጠ፤ ሽማግሌው ከአጥራችሁ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ድረስ ፊት ፊታችሁን ሲያይ እንደነበር ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ኪዳነ ወልድ ውኃ የሚያመላልስበትን ኦራል መኪና አስነሥቶ፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ነው እንዳለ፤ ውኃ ለመቅዳት የማንም ፈቃድ አያስፈልግምና አዛዡ ዓይን ዓይኑን አይቶ በሩን ክፈቱለት እንዳለ ነገርኳቸው።

በርሜሎቹን ከወንዙ ዳር አራግፎ ሴቶቹንና ልጆቹን ጭኖ መመለሱን ስናገር፣ እትዬ ደብሪቱ ገብሱን ተዉት። ለቀሩት ሲመለስ አንተ ሬዲዮው ላይ እንደነበርክና ድምፁን እንደሰማህ፣ ጭኜ መጣሁ፣ በሩን እንዳትዘጉት እንዳለህ ነገርኳቸው። ከዚያ ተኩሱን። ፈቃድ ሳትጠብቁ ሮጣችሁ ስትደርሱ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ እንዳገኛችሁት። ከኋላ የተሳፈሩት ተደራርበው ተኝተው አብዛኞቹ እንደተረፉ። እዚህ ላይ አባባ ትከሻዬን ያዙኝ።

በማግስቱ ወደ ካምፓችሁ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ማን በሩን እንደከፈተ ሊያጣሩ። ይህን ስናገር ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ደብሪቱ ግን አልሳቁም፣ አላለቀሱምም። «መኪናው አልተገለበጠም?» አሉኝ። አልተገለበጠም አልኳቸው። «አላንቀላፋም?» አሉኝ። አላንቀላፋም፣ እስከ መጨረሻው ሲያወራ ነበር አልኳቸው። ተነሡና ከእንስራው ውኃ ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና፣ እኔ ይህን ያህል ዘመን ጎረቤታቸው ሆኜ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ይናገሩ ጀመር።

«በሰባ ሰባት እሱን በጀርባዬ አዝዬ፣ ታላቅ እኅቱን ኮከቤን በእጄ ይዤ ወደ ቆላው ወረድኩ» አሉ። «ከመኪናው መንገድ ዳር መጠለያ አለ፣ እህል ይመጣል ብለውን ነበር። ስንደርስ እህሉ የለም። ይመጣል ይሉናል። ፎቶ የሚያነሡት ከእህሉ ቀድመው መጡ። ኮከቤ ፎቶ ከተነሣች በኋላ ነው የሞተች። እህሉ የደረሰው እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እሱን ግን አንዲት የማላውቃት ፈረንጅ ከጀርባዬ ፈትታ ወስዳ፣ በማንኪያ እያጠጣች ከሞት አፍ አወጣችው። አገርሽ የት ነው፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አላለችኝም። እናቷም ካገሯ ሆና፣ ልጄ ሰው አገር ምን አላት ብላ አልቅሳ ይሆናል። የዘገየውን ዓለም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እሷን ግን ከጸሎቴ ረስቻት አላውቅም።»

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ፊታቸው ቀልቶ፣ «እና አሁን ደግ አደረገ ልትይ ነው?» አሉ። እትዬ ደብሪቱም ቀና ብለው አይተዋቸው፣ «ደግ አደረገ አላልኩም። እኔ ልጄን ነው የምፈልግ። ግን የሚጠራ ሰው ካለ የሚሰማ መኖር አለበት፤ ያን ጊዜ የሚሰማ ቢኖር ኮከቤ ዛሬ የልጆች እናት ነበረች» አሉ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም ጋቢያቸውን ጎትተው ወጡ፤ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ከዚያ እትዬ ደብሪቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ከወንዙ የቀሩትስ?» አሉኝ። ይህን እኔም በስልክ ጠይቄህ ነበር። መስመሩ ተቆራርጦ ይሁን ወይስ አንተ ዝም ብለኸኝ፣ የቱ እንደሆነ አላወቅሁም። አላውቅም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው ይመስለኛል።

አንተ ጊዜህ እንዳለቀ፣ ከሚመጣው ጦር ጋር ትቀጥል እንደሆን እንደጠየቁህ፣ አንተም ቆሞ ማየት ሰልችቶኛል፣ በቃኝ፣ እመጣለሁ እንዳልክ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው የነገርኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፤ «ደግ ነው፣ ይምጣ። እናቱ ዓይኑን ትየው። አንድ ነገር ግን ጠይቂልኝ። ያ ሽማግሌ ነገም አህያውን እየነዳ ቢመጣ፣ ኪዳነ ወልድ የወጣበትን በር አሁን የሚከፍትለት ማን ነው? የሚከፍት ካለ ልጄ አርፎ ይተኛል፣ እኔም አርፋለሁ። ከሌለም አውቄው ልኑር።»

ወንድምአገኝ፣ ይህን ላልጽፍልህ ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። እማዬ ባናውን ስትፈትል ባየሁ ቁጥር፣ የሚቀጥለው ሳጥን ወደ እኛ ደጅ ሲዞር ይታየኛል። አባባን፣ ይህን ጥያቄ ብተወውስ ብላቸው፣ «ጻፊለት። የሚወስነው እሱ ነው፤ ካልጻፍሽለት ግን አንቺ ወሰንሽለት ማለት ነው» አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ቢሆንም የኔን ቃል ለብቻው ያዘው፤ የኔ ቃል ና የሚል ነው።

እኔ የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ነው ያለኝ። በሬዲዮ ትላልቅ ሰዎች፣ የዓለም ኅብረተሰብ ኃላፊነቱን ይወጣ ሲሉ እሰማለሁ። ይህ የዓለም ኅብረተሰብ የሚሉት ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ከወዴት እንደሆነ፣ ማን ሄዶ እንደሚጠራው ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ያን ቀን በዚያ በር ላይ የተገኘው የዓለም ኅብረተሰብ እናንተ ብቻ ናችሁ። ከእናንተም ውስጥ መኪና ያስነሣው አንድ የመንዝ ሾፌር ነው። ይህ ያኮራኝ እንደሆን እፈልጋለሁ፤ ንዴት ነው የማገኘው። የስንቱን አገር ሸክም ለብቻው እንዲሸከም ማን ፈረደበት? ደግሞ መልሼ፣ እሱም ባይወጣስ ኖሮ እላለሁ። እነዚያ ሴቶችና ልጆች ከዓይኔ ይመጡብኛል፤ መልካቸውን ሳላውቀው። እንዲህ ስወጣ ስወርድ ይነጋል። አንተ ደግሞ ድምፁን የሰማኸው ነህና እንዴት ታድር ይሆን እላለሁ።

አባባ በአርባው ዕለት በጸሎቱ መካከል ያልተለመደ ነገር አድርገው ነበር ማለት አልችልም፤ የታዘዘውን ነው ያደረሱት። አሁን ግን በየቅዳሴው፣ በማናውቀው አገር ስለተጨነቁት የሚለው ምልጃ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል። ሕዝቡ በፆሙ ደክመው ነው ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

በል ወንድሜ፣ ወረቀቱም እያለቀ ነው። እማዬ፣ ጉንፋን እንዳትይዘው፣ ሲመጣ በብርዱ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ እንዳያድር በይው ብላሃለች፤ እዚያ ሐሩር ውስጥ መሆንህን ብነግራትም አትሰማኝም። አባባ፣ የአባቶችህ አምላክ በወጣህበት ይመልስህ ብለው መስቀላቸውን በወረቀቱ ላይ አሳርፈዋል። ባለቤቴ ኃይለመስቀል፣ በሬህን ለበልጉ አቀናጅቼልሃለሁ፣ አታስብ ይልሃል። ትንሿ ትሕትና ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስምህን መጻፍ ችላለች፣ ግን እስካሁን «ወንድም» ላይ ነው የምታቆመው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም ሰላም ብለውሃል፤ ለአዛዡ፣ በሩን ስለከፈተ እግዚአብሔር ይስጠው በለው ብለዋል። ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

እትዬ ደብሪቱ ጉንጭህን ስመውልሃል። ብትመጣም ብትቀርም አይቀየሙህም። ብቻ ስለዚያ በር የምታውቀውን ጻፍላቸው። የምታውቀው ከሌለም፣ አላውቅም ብለህ ጻፍላቸው፤ እሳቸው ጠይቀው ዝም ከተባሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

የምትናፍቅህ እኅትህ
አመተሥላሴ ወልደ ጻድቅ

ሞላሌ፣ መንዝ
የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.