በድካም ሞተ

ውድ ጋሼ ዳምጤ፣

ሰላምታ ሳበዛ ፍሬ ነገሩን እየሸሸሁ መሆኔን እርስዎ ያውቁታል፤ ስለዚህ በቀጥታ ልናገር። ልጅዎ ኑሀሚን ደህና ናት። እርስዎ ወንድምዎን ሊያስታምሙ አዲስ አበባ ከሄዱ ወዲህ እዚሁ ኬንሲንግተን እኔ ጋ ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዩኒቨርሲቲዋንም ጀምራለች። የምጽፍልዎ ግን ቃሌን ስላፈረስኩ ነው። ወንድሟ ብስራት በምን እንደሞተ ነግሬያታለሁ። በስልክ ብነግርዎ ‹ቆይ ልጄ፣ ስመጣ እንነጋገራለን› ብለው ያስቆሙኛል። በደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ‹የሙታን ጸሐፊ› እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። እንግሊዞች ይህን አገር በሚገዙበት ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ነበር። እዚያ የሞቱትን ሰዎች መዝገብ ነው ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሞት ምክንያት። ባለፈው ወር የአንድ ክረምት ገጾች ላይ ደረስኩ። ሃያ ዘጠኝ ሰው ሞቷል፤ ሐኪሙ ለሃያ ዘጠኙም የጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ‹ከእብደት የመጣ ድካም›። ልክ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው ካበደ ይደክማል፣ ከደከመም ይሞታል።

በማግስቱ የዚያው ቤት የልብስ አጣቢዎች ደብተር እጄ ገባ። በዚያ ክረምት የታጠበው አንሶላ ከሌላው ጊዜ በሦስት እጥፍ በልጧል። ምን ልበልዎት፣ ጋሼ፣ ሴት ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ወዲያው ገባኝ። ሰዎቹ የሞቱት በተቅማጥ ነው። ከዓመታት በኋላ የመጣ መርማሪም የመጸዳጃው ፍሳሽ የሚጠጡት ጉድጓድ ውስጥ ይገባ እንደነበር ጽፏል። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይመስለኝም። እብድ ሲሞት ለምን ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ቀላሏን ቃል ጻፈና ተገላገለ። ድካም ደግሞ አዲስ ጉድጓድ አያስቆፍርም። በሚቀጥለው ክረምት ከዚያው ውኃ ጠጡና ሠላሳ አራት ሰው ሞተ።

እኔስ ምን ጽፌያለሁ?

በብስራት ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹ባደረበት የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ› አልኩ። እርስዎ ሜድስቶን ቤትዎ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ‹ወንጌላዊት ልጄ፣ የእህቱን ዕድል አናበላሽ፤ ነገ ማን ያገባታል፤ ልብ በዪው› አሉኝ። እኔም እዚህ አገር ስመጣ እንደ አባት የተቀበሉኝን ሰው እንዴት እንቢ እላለሁ? እንዲያውም ደስ ነው ያለኝ። እውነቱ ቢጻፍ የኔም ስም ይነሳ ነበርና።

ይህን ለእርስዎም ነግሬዎት አላውቅም። ብስራት ከእሑድ ጉባኤ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ‹የአእምሮ መድኃኒቴን ከተውኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እንቅልፍ ጠፍቷል፣ ምግብም አላሰኝ ብሎኛል› አለኝ። ፊቱ ይበራ ነበር። እኔ ምን አልኩት መሰልዎት? ‹ክብር ለጌታ፣ የመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው› አልኩት። ገብተን ማይክራፎኑን ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰበከ፤ ጉባኤው አለቀሰ፣ እርስዎም አለቀሱ። እንቅልፍ ማጣቱን ትጋት አልነው፣ አለመብላቱን ጾም አልነው። ውኃ እንኳ ሲተው ማንም ልብ አላለም። ከዚያ እሑድ በዘጠነኛው ቀን ዌሪቢ በሚባለው ሰፈር፣ የጉባኤያችን አባል ይርጋ ቤት ለጸሎት እንደተሰበሰብን ወደቀ። ሆስፒታል ስናደርሰው ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ነበር። ከአምላኬ ጋር በዚህ ነገር ብዙ ተነጋግሬያለሁ፤ እምነቴንም አልጣልኩም። ግን ያ ልጅ ታሞ ነው የነገረኝ፣ እኔ ደግሞ አጨበጨብኩለት።

አሁን ወደ ኑሀሚን ልምጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ስመለስ የኩሽናዬን ዕቃ በሙሉ አውጥታ እንደገና እየደረደረች አገኘኋት። ወሬዋ አይቋረጥም፣ ትስቃለች። ሦስት ቀን እንዳልተኛች ነገረችኝና ‹ጌታ እያናገረኝ ነው፤ አብረን እንጹም› አለችኝ። በማግስቱ ሐኪም ጋ ቡክ አደረግሁላትና ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሟ ቅጹን እየሞላች ‹በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?› ብላ ጠየቀቻት። ኑሀሚን በዚያ በፈጣን እንግሊዝኛዋ ‹የለም፤ ወንድሜ የሞተው በልብ ሕመም ነው› አለች። የኔን ዐረፍተ ነገር ነው የመለሰችላት፣ ጋሼ። ሐኪሟም እንዳለችው ልትጽፍ ጀመረች።

‹እንዲህ አይደለም› አልኩ። ከዚያ መድኃኒቱን፣ ማይክራፎኑን፣ ዌሪቢን፣ ሁሉንም እዚያው ተናገርኩ። ኑሀሚን ዞራ እንኳ አላየችኝም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝና ይህን ባታውቅ ኖሮ ሌላ መድኃኒት ልታዝላት እንደነበር፣ ያም መድኃኒት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችል እንደነበር ነገረችን። ይህን ከሰማሁ በኋላ ቃሌን በላሁ ብዬ አልጸጸትም። ቢቆጡኝም እችለዋለሁ። አሁን አብረን እንጸልያለን፣ መድኃኒቷንም በሰዓቱ ትውጣለች። የሚያገባት ሰው ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ በጊዜ ይሽሽ።

በባቡር ተመለስን። ቤት ልንደርስ ስንል ቆም አለችና በአማርኛ ጠየቀችኝ። ከእኔ ጋር አማርኛ የምታወራው ነገር ሲከብዳት ብቻ ነው።

‹እማዬስ በምን ሞተች?›

እናቷን እትዬ የሺሀረግን አላውቃቸውም። ኑሀሚን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ‹በአጭር ሕመም› ማረፋቸውን ነው ከእርስዎ የሰማሁት፤ ያንኑ ነገርኳት።

‹የምን ሕመም?› አለችኝ።

ቅጹ ላይ ‹እናት› የሚለው መስመር እስካሁን ባዶ ነው፤ ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ረቡዕ በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ትደውልልዎታለች፤ እኔም ከአጠገቧ አልጠፋም። ስልኩን ያንሱላት፣ ጋሼ። የሚያውቁትን ይንገሯት።

የምትወድዎት ልጅዎ፣
ወንጌላዊት