ቡድኑ ከፈረቃ የወጣበት ጨዋታ

ለምወድህና ለምፈራህ አባቴ (መፍራቱ ቀድሞ መጣ፤ መውደዱ ግን ደርሶ በለጠው)፦

ጉልበትህ እንዴት ከረመ? ደረጃ ስትወጣ ከአንተ ቀድሞ የሚያቃስተው ያ ግራ ጉልበትህ ማለቴ ነው። ደም ግፊትህ ዜና በማትሰማበት ቀን እንደሚረጋጋ እማዬ ጽፋልኛለች። እንግዲያው ዛሬ ዜና አትስማ፤ ይህችን ብቻ አንብብ። ቢቻል በልተህ፣ የግድ ግን ተቀምጠህ። እኔ ከአንተ ናፍቆትና ከክፍል ኃላፊዬ በስተቀር የሚያመኝ የለም፤ ሁለቱም ቢሆኑ የሚገድሉ አይደሉም።

ዙሪያ ጥምጥም እንደማትወድ አውቃለሁና በቀጥታ ልናገር። ላገባ ነው። ሰውዬው ደህና ሰው ነው። ችግሩ ሠርጉ እዚህ መሆኑ ነው፤ አንተ «ሬሳዬ እንኳ አያልፍባትም» ብለህ በማልክባት ከተማ። ሰውዬውም ራሱ አንዲት ትንሽ እንከን አለችበት፤ ወደ ታች እደርስባታለሁ። እኔ ደግሞ አባቴ ካልመጣ አላገባም ብያለሁ። አንዴ ፊሽካ ከነፋሁ እንደማልመለስ የማን ልጅ መሆኔን የሚያውቅ ያውቃል።

እማዬን አትጠይቃት። ሁሉን ታውቃለች፤ እንዳትነግርህም አስምያታለሁ። ሰሞኑን ድስት እያማሰለች ብቻዋን የምትስቅ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሐኪም አትጥራላት።

ከድሮው ታሪክ እንድጀምርልህ ያደረገኝ ሬዲዮ ነው። ፌዴሬሽኑ ኢዮቤልዩውን ምክንያት አድርጎ የአገራችንን የእግር ኳስ ታሪክ ዓመት በዓመት ሲያስተርክ ሰነበተና ባለፈው ሳምንት የእኛ ዓመት ደረሰ። እዚህ የምሠራበት ፋብሪካ ሁሉ ማሽን አስቁሞ ጆሮውን አቆመ። ተራኪው ጉሮሮውን ጠርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በዕለቱ በተከሰተ መጠነኛ የድምፅ መደራረብ ሳቢያ ዋንጫው ወደ ባንኩ ቡድን አምርቷል።» አለቀ! ከዚያ ዘፈን። ከተማ ያሳበደ፣ አንተን ከነቤተሰብህ ያሰደደ ነገር «የድምፅ መደራረብ» ሆኖ አረፈው! ስለዚህ ታሪኩን እኔ ላስተካክለው። ታውቀዋለህ፤ ግን አንተ ሜዳ መሃል ሆነህ ኳስ ታይ ነበር፣ እኔ እማዬ ጭን ላይ ሆኜ ሰው አይ ነበር።

ያን ዓመት የጨርቃ ጨርቁ ቡድን ወደ ትልቁ ሊግ የወጣው በስህተት ነው ይባል ነበር፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለመውረድ ጊዜ አጣ። አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ፈታይ፣ ሌላው ቀለም ነካሪ። የግራ ክንፉ ከማቅለሚያ ክፍል ስለነበር እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። የሚገጥመው ተከላካይ ወይ ይስቃል ወይ ይደነግጣል፤ በሁለቱም መካከል ሰውዬው አልፏል። አሠልጣኙ የፈትል ክፍል ፎርማን ነበር፤ የሚያውቀው ስልት አንድ ብቻ ነው፦ «እናንተ እንደ ድር ቁሙ፣ እናንተ እንደ ማግ ተመላለሱ!» ኋላ ጋዜጦቹ ይህንኑ «ዘመናዊ አጨዋወት» ብለው ጻፉለት፤ እሱም አምኖ ሸሚዝ መቀየር ጀመረ። ስመ ጥር ቡድን ሁሉ እየመጣ፣ እየተሸነፈ፣ መንገዱን እየረገመ ይሄድ ነበር። ያን ዓመት የተሸመነ አንሶላ ዛሬም በእንከኑ ይታወቃል፤ ሸማኔው እጁ ማሽን ላይ፣ ልቡ ሜዳ ላይ ነበረና።

እንዲህ እያሉ የመጨረሻዋ ጨዋታ ደረሰች። ዋንጫው ከዋና ከተማው ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍለ ሀገር እንዲያድር፣ ለእኛ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃን ነበር። የተመደበው ዳኛ አውቶቡስ ተበላሽቶበት ቀረ። ከተማው ውስጥ ያለው ባለ ፊሽካ አንተ ብቻ ነህ። ባንኮቹ «ሐቀኛ ነው ሲሉ ሰምተናል» ብለው ተስማሙ፤ የእኛዎቹ «የኛው ሰው ነው» ብለው ጨፈሩ። አባዬ፣ ከሁለቱ ወገን አንተን የሚያውቅህ እንግዳው ብቻ ነበር! እማዬን ስለ ጨው ተከራከረችኝ ብለህ በቀይ ካርድ ከገዛ ማዕድ ቤቷ ያስወጣህ ሰው መሆንህን ጎረቤት አጥቶት ነው?

ጨዋታው ከፈረቃ ለውጥ በፊት እንዲያልቅ ተደርጎ ነበር የታሰበው። የክብር እንግዳው ንግግር ግን አልታሰበም። ስለ ስፖርት ጀመሩ፤ ወደ ልማት ተሻገሩ፤ ከዚያ ውኃ አጠባበቅ ገቡ፤ በመጨረሻ ወደ ልጅነታቸው ተመልሰው እዚያው ቀሩ። ተጫዋቾቹ ሳይሮጡ ደከሙ።

እናም ባዶ ለባዶ ሆነን፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረን፣ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ።

ያን ድምፅ የለመደ እጅ ዳኛ አይጠይቅም። ቡድኑ በሙሉ ቆመ። የግራ ክንፉ ሰማያዊ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ተከላካዮቹ «በል ደህና እደር»፣ «ለልጆቹ ሰላም በልልኝ» ተባብለው ወደ በሩ መንገድ ጀመሩ። በረኛው፣ ምድር ቢናወጥ የማይነቃነቀው በረኛችን፣ ጓንቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ከተመልካቹም የማታ ፈረቃ ያለበት ሁሉ ብድግ ብሎ ምሳ ዕቃውን ፈለገ። አጠገባችን የነበረችው ፈታይ እማዬን «ነገ እንገናኝ» ብላ ስማት ሄደች።

የባንኩ አጥቂ ብቻ ኳሷን እግሩ ሥር ይዞ ግራና ቀኙን ቃኘ። ፈረቃ የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ፀጉሩ እንኳ ያልተበተነ ሰው። ወደ አንተ ዞሮ «ጌታዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለህ አሉ። «ጨዋታ ነው» አልከው። እሱም እያፈረ፣ ወደ ባዶው ጎል ገፋ አደረጋት።

አንተ መሃል ሜዳውን አመለከትክ። በረኛው በባዶ እጁ እየሮጠ መጥቶ «ሰውዬ! ፈረቃው አልቋል እኮ!» ሲልህ፣ ያልከውን ከተማው እስከ ዛሬ ይደግመዋል፦ «የእኔ ፈረቃ አላለቀም።»

ቀሪውን ታውቃለህ። ዳቦ ሻጩ ዳቦው ከኋላው እየተነነ «ዛሬ አልተጋገረም» ይልህ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጎንህን ብቻ ቆርጦ «ሳይረን ጮኸ» ብሎ መቀሱን አስቀመጠ። በዚያው ሳምንት ዕቃችንን ጫንን፤ አንተ በግማሽ ጎፈሬ፣ እማዬ በሙሉ ኩርፊያ።

አሁን ወደዚያች ትንሽ እንከን ልምጣ። እዚህ ጥራት ቁጥጥር ተቀጥሬ በገባሁ ሰሞን አንድ የጥገና መካኒክ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢለኝ «የዳኛው» አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። እሱ ግን መፍቻውን ኪሱ ከቶ «እኔ ደግሞ የጓንቱ» አለኝ።

አዎ፤ የማገባው የበረኛውን ልጅ ነው። ተቀመጥ ብዬህ ነበር።

በረኛው አሁን የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው። እኔን አይጠላኝም፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ አባት ተመርጦ አይመጣ» ይለኛል። ለሠርጉ ሽር ጉድ ሲጀምር ግን አቆምኩት። ለአባቴ ጥሪ የምልከው የድሮ ጓደኞችዎ ፊት ያቺ ጎል ጎል መሆኗን ሲናገሩ ነው አልኩት። ሚስማር የዋጠ መሰለ።

«ልጄ፣ ከፈለግሽ ሱቁን ውሰጂ» አለ።

አልፈልግም አልኩ።

በማግስቱ «ግማሽ ጎል ናት» ብሎ መጣ። ጎል አይገመስም አልኩት። በሌላ ቀን ደግሞ «እሺ፣ ጎል ናት፤ ግን ጨዋ ጎል አይደለችም» አለ። ስለ ጨዋነቷ አልጠየቅሁም አልኩ። እንዲህ ስንጓተት ልጁ አባቱን ወደ ጓዳ ወስዶ አንድ ነገር ሹክ አለው። ሽማግሌው ተመልሶ አየኝ፤ ወንበር አመጣልኝ። ትንሽ ቆይቶ ትራስ አመጣ። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ወጣ።

በዚያው እሑድ የድሮውን ቡድን በሙሉ ቤቱ ሰበሰበ። የግራ ክንፉም መጣ፤ እጁ ነጥቷል፣ ጥፍሩ ብቻ ነው ሰማያዊ። በረኛው ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። «ስሙኝ» አለ፤ «ፊሽካ የያዘው አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው አልነፋም። ጓንቴን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ያቺ ጎል፣ ጎል ነበረች።» ይህን ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ በር ላይ ቆሜ የምይዘውን አጣሁ። መጀመሪያ የተናገረው የግራ ክንፉ ነው፦ «እኛንስ መቼ ጠፋን? ማን ይጀምር እያልን እኮ ነው ያረጀነው!» ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ፤ እያለቀሱ ሳቁ። አሠልጣኙ «ይህን ሰው ይቅርታ ሳንለው እንዳንሞት» አለና ያንተን ጤና ጠየቀኝ። ስምህን እዚህ ከተማ በደግ ሲጠሩት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ አባዬ። ያኔ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የሮጥኩት።

እንግዲህ ፍርዱ የአንተ ነው። ብቻ «ቀኑን ትንሽ ገፋ አድርጉት» ብለህ እንዳትጽፍ። ልብስ ሰፊዋ የሠርግ ቀሚሴን ወገብ ሁለት ጊዜ አስፍታዋለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጨርቅ አልቆብኛል ብላለች፤ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ውስጥ! በረኛው አውቶቡስ ጣቢያ ቆሞ ሊቀበልህ ወስኗል። ከወዲሁ በመስታወት ፊት «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ሲለማመድ ሚስቱ አይታዋለች። እንዳትስቅበት፣ እንዳታሳፍረው። ሻንጣህን ልያዝ ካለህ ስጠው።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ እማዬን ያቆይልህ፤ የምትመጣበትን መንገድ የደስታ ያድርግልህ። እኔን እንኳ ሰዉ ሁሉ «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» እያለ ይመርቀኛል፤ በረኛው ደግሞ ከማንም ጮክ ብሎ አሜን ይላል።

በል፣ ሳምኩህ፤ ለሁለት ሰው ያህል።

ልጅህ