ፋሲካ ሳይደርስ

ዘገዬ፣ ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ።
እትዬ አልጋነሽ «ዘገዬ እስከ ፋሲካ ውሾቹን አስወጣለሁ ብሎኛል» ይላሉ። አንተ ደግሞ «አከራያችን ያለ ገደብ ፈቅደውልናል» ብለኸኝ ነበር። በማናችሁም አልፈርድም፤ ግን ፋሲካ እሁድ ነው።

ባዶ ግቢ አለ ስለተባልኩ ቡራዩ ሄጃለሁ። አሥራ አራቱንም አብላልኝ። በጾሙ የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሥጋ ቤት ያለው ሸምሰዲን ግን አጥንት ያስቀምጥልናል። ዓይነ ስውሯን ለብቻዋ አብላት፣ ሌሎቹ ይቀሟታል። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ላሰችኝ።

«ለአንድ ሳምንት አግዘኝ» ያልከኝ አምና ነው።
ተወው።

ስወጣ እትዬ አልጋነሽ በር ላይ ያዙኝ። «አንተ ጨዋ ነህ፣ ኑር። ውሾቹና ያ አፈ ጮሌ ጓደኛህ ይውጡልኝ» አሉ።
ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ «እነሱ ከወጡ እኔም አብሬ እወጣለሁ» አልኳቸው።