የፍየሏ ፍርድ

ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር
ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ጎንደር ብርዱ ገብቶ ይሆናል፤ የላክሁልሽን ካልሲ ለሰው እንዳትሰጪ። እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ እንዳልል ወገቤ ይታዘበኛል፤ ስለዚህ ከናፍቆትሽና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ካሳውም ደህና ነው። ፋብሪካው ፈረቃውን ካበዛበት ወዲህ፣ ባሌ እቤት ገብቶ እንደነበር የማውቀው በረጠበ ፎጣው ነው።

ፍሬህይወት፣ ይህን ለእናቴ የምታነቢላት አንቺ ነሽና፣ እባክሽ በሩን ዝጊው። ለጎረቤት እስከዚህ ያለው ይበቃዋል።

በስልክ ያልነገርሁሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። ወረቀት ጨዋ ነው፣ አፍንጫውን አይስብም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ካርሜል ተራራ ላይ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት እጦራለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ። ሲከፋቸው አንቺ ለእኔ ያንጎራጎርሽውን እሹሩሩ አንጎራጉርላቸዋለሁ። በቀን አንዴ እንዴት ነሽ የሚለኝ ሰው እሳቸው ናቸው፤ የሚጠሩኝ ግን በሞተች እህታቸው ስም ነው። ባሕሩን ጧትና ማታ ከአውቶቡስ መስኮት አየዋለሁ፤ እግሬን አስነክቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ትዕግሥቴን ያደንቃል። እሱን ተራራው ላይ አራግፌ ስመለስ ለልጄ ለኖፊት የሚተርፋት "ቶሎ በይ!" ብቻ ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሟ "ቶሎ በይ" ሳይመስላት አይቀርም። እሹሩሩውን አታውቀውም።

እዚህ አገር በሕፃናት ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ አንዲት ልጅ "የሰንበት እናት" ትባላለች። ነጭ ሻሽ አስረው ሻማ ፊት ያስቀምጧታል፤ የወለደቻት እናትም ዳቦ ይዛ ከጎኗ ትቀመጣለች። የኖፊት ተራ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቴም ሥራ ነበርሁ። ዳቦውን ላክሁት። ዳቦዬ በዚያ ቤት የተከበረ ሰው ነው፤ እኔን ግን የሚያውቀኝ የለም። መምህርቷ ረዑት አንድ ቀን ደውላ፣ "እኛማ እናት የላትም ብለን ነበር" አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አውቶቡስ ላይ ስወጣ ሳቁ በዓይኔ መጣ።

ሦስተኛው ተራ ያለፈው ዓርብ ነበር። ፈቃድ ጠየቅሁ። የቀጠረኝ ድርጅት ሴትዮ "ቤሰደር፣ እሺ፣ ግን የሚተካሽ የለም" አለችኝ። እሺ ብሎ መከልከል እዚህ ነው ያየሁት።

እናልሽ ዓርብ ማለዳ ልወጣ ስል አንድ እግር የሥራ ጫማዬ የለም። አልጋ ሥር የለም፣ በረንዳ የለም። ኖፊት በፒጃማዋ ቆማ፣ ፊቷን እንደ ሽማግሌ ኮስተር አድርጋ፣ "እማ፣ የላይኛው ቤት ድመት ወስዳው ይሆናል" አለችኝ። የምልከውን ዳቦ ላድቦልቡል የዱቄቱን ባልዲ ብከፍት፣ ጫማዬ ባልዲው ውስጥ እስከ ማሰሪያው ተቀብሯል።

ያኔ ነው ያንቺ ማሰሮዎች የመጡብኝ።

እምዬ፣ ለገበያ የደረደርሻቸውን ሰባቱን ማሰሮ የሰበርሁ እኔ ነኝ። ገበያ እንዳትሄጂብኝ ብዬ። ፍየሏ ናት ብዬ ዋሸሁሽ። አንቺም ፍየሏን አምጥተሽ ስባሪው መሀል በርጩማ ላይ ተሰየምሽ፣ "አንቺ ቀበጥ! ይህን ጭቃ ያቦካው ያንቺ እጅ ነው?" ብለሽ ያን ቀን ከግቢ እንዳትወጣ ፈረድሽባት። ከግቢ ሳትወጪ የዋልሽው ግን አንቺ ነሽ። ቀኑን ሙሉ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ ፀጉሬን ሠራሽኝ።

እኔም ፈረድሁ። "ኧረ ያቺ ሌባ ድመት!" አልኋት ኖፊትን፣ የባልዲውን ክዳን መልሼ። ለድርጅቱ ደውዬ ጫማዬን ድመት ስለወሰደው አልመጣም አልሁ። አሮጊቷ ዘንድ ልጃቸው መጥታ ዋለች፤ ለካ እሳቸውም ልጅ አላቸው!

በነጠላ ጫማ ሄድሁ። የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቴ ጆሮዬ ደርሶ ተቀመጥሁ። ኖፊት ሻማውን ባረከችና ወደ ልጆቹ ዞራ፣ "አያችሁ? ዳቦውን የምትሠራው ይቺ ናት" አለቻቸው።

እሑድ ማለዳ ሁለቱም ጫማ በሩ ሥር ተደርድረው ቆዩኝ፣ አንደኛው ነጭ እንደለበሰ። ከድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መጥቶልኛል፤ ማቀዝቀዣው ላይ ከኖፊት ሥዕል ጎን ለጠፍሁት።

ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር። ስጽፈው ግን አንድ ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። የዚያን ቀን ፍየሏን ለፍርድ ልታቀርቢ ስትሄጂ፣ ገመዷን ከግንዱ የፈታሽው አንቺ ነሽ። ታስራ ነበር።

ማወቅሽን አንድም ቀን አልነገርሽኝ።

የጉዞ ወረፋሽ ደርሶ፣ ይህንን አገር ረግጠሽ፣ ኖፊትን ጭንሽ ላይ ለማየት ያብቃኝ። እሹሩሩውን እስክትመጪ እኔ እጀምርላታለሁ። ዕድሜሽን እሳት በደንብ እንዳገኘው ሸክላ ያጽናው።

ማሰሮ ሰባሪዋ ልጅሽ