ሦስት እሑድ የታገደው ዳኛ

ለምወድሽ እህቴ ለዕፀገነት፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትሽ ድኖ ይህን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ራስሽ ሄደሽ እንደምትቀበይው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባለቤቴ አፀደ፣ ልጅሽ ብሩክታይትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እስከ ጥምቀት አልለምድ ካለች መልሰህ ላክልኝ ያልሺኝን አልረሳሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለትምህርት ከመጣች ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ ከግቢ አልወጣ ብላ፣ እንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ ቁርጥራጭ ጣውላ ስትሞርድ ነበር የምትውለው። አንጀቴን በላችው።

የሰፈራችን ልጆች በየእሑዱ ከሚካኤል በታች ባለው ቁልቁለት በእጃቸው የሠሩትን የእንጨት መኪና ያወዳድራሉ። ያለ ጠብ ያለቀበት ቀን ግን የለም። ጣውላውን ከኔ ስለሚለቅሙ ዳኝነቱም እኔው ላይ ወደቀ። ደንቡን ካርቶን ላይ ጽፌ የሥራ ቤቴ በር ላይ ሰቀልኩት፦ መኪናውን ልጁ ራሱ ይሠራል፣ ትልቅ ሰው እጁን አያስገባም፤ ጎማው ከእንጨት ይሁን፤ ኩሽኔታና ግራሶ ክልክል ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ መግፋት የለም። አይ የዘንድሮ ልጅ! በሳምንቱ አንዱ ከኋላ እየሮጠ መኪናውን በአፉ ሲነፋ አገኘሁት። መንፋትም ክልክል ነው ብዬ ጨመርኩ። ቀጥሎ የእትዬ የሺአረግ በግ መሐል መንገድ ተኝቶ መኪና አስቀረና፣ በግ ያስቆመው እንደገና ይለቀቃል የሚል ገባ።

ከዚያ አፀደ ጎትጉታ ብሩክታይትንም አስመዘገበቻት። ቀይ መኪና ሠራች፤ ብቻ የጎማው ዘንግ እየያዘ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ከተሸነፈች ጨርሳ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቅዳሜ ሱቅ ስትላክ ጠብቄ፣ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁና ግራሶ ቀባሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልሽም፣ ሆዴ ነው ያሳሳተኝ።

እሑድ መኪናዋ ሁሉንም ጥሎ ነጎደ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። እሷ ግን አነሳችው፣ ጎማውን አሽከረከረችው፣ ድምፅ የለም። ጣቷን ዘንጉ ላይ አድርጋ አሸተተች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ ይሄ ግራሶ ነው፣ የቀባው አጎቴ ነው፣ እኔ አላሸነፍኩም አለች። እግዚኦ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጆቹ እዚያው ተሰብስበው ፈረዱብኝ፤ ሦስት እሑድ ከዳኝነት ታገድኩ። በገዛ ካርቶኔ፣ በገዛ እርሳሴ፣ ዳኛም መኪና አይነካም የሚል ተጨመረ። የጻፈችው ልጅሽ ናት፤ በኔ ቦታ የመረጧት እሷን ነው። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ መንጋ ልጅ ተከትሏት ይመጣል።

ትናንት፣ ለጥምቀት ወደ እናትሽ ልላክሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እሑድ ማን ይዳኛል አለችኝ። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቅሽ። ስለዚህ እህት ዓለም፣ አልልክልሽም። ከናፈቀችሽ አንቺው ነይ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሽ ብርሃኑን ሰላም በይልኝ፣ ትንሹ አዲስን ደግሞ ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። አፀደ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። ብሩክታይትም ከታች ልትጽፍልሽ ነበር፤ ግን ዛሬ እሑድ ነው፣ ሥራ ላይ ናት። እኔ በእገዳዬ ቤት ተቀምጬ ድምጿን እየሰማሁ ነው፦ መግፋት የለም ትላለች።

ወንድምሽ ይትባረክ
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.