ደርቋል ያልኩት እጅ

ቅዳሜ፣ የካቲት 20። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም የእጄን ላብ በቀሚሴ ጠረግሁ፣ በሻርፔ ጠረግሁ። በመጨረሻ ጓንት። አዎ፣ ጓንት። አትሳቂ ደብተሬ። አሠሪዬ ማዳም እም ሰሚር የብር ዕቃዋን ስወለውል የምትሰጠኝ ስስ ነጭ የጥጥ ጓንት። ከጀበል አማን ቤቷ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ወጣሁ (እመልሰዋለሁ!)።

የዓርብ ሐዘር፣ ሰዓት እላፊው፣ ተመልሷል፣ ከቤት ንቅንቅ የለም። ጸሎታችን ወደ ቅዳሜ ዞረ። ስምንት ሰው፣ ሁሉም ማስክ። እኔ ኪቦርድ ላይ።

ያለ ጓንት ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ጣቴ መንሸራተት ይጀምራል፣ ሦስተኛው ላይ ቁልፉ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ጓንቱ ግን ያዘልኝ። ጥቁሮቹ ላይ ትንሽ ይደነዝዛል፣ ቢሆንም ያዘልኝ።

ወንጌላዊ ታምራት አየውና ለኮሮና ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ይባስ ብሎ ከእሷ ተማሩ ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ዘነበች መጥታለች (ከዚህ በኋላ ዘ.፣ እርጥብ እጅ ረጅም ስም አይወድም)። ከእኛ መካከል በኮሮና የተያዘችው እሷ ብቻ ናት። ከተነሣች ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ። ድሮ ከኪቦርዱ አጠገብ ቆማ መዝሙር የምትመራ ሴት ዛሬ ሄዳ በሩ ጋ ቆመች። ድካም ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 22። 6፡30

ማዳም ተኝታለች። እኔ ሳሎን፣ ፒያኖው አጠገብ። አቧራ ልጠርግ ከፍቼ አራት ኖታ ነካሁ። አራት እርጥብ አሻራ። ቶሎ በጨርቅ።

ባለፈው ስነካካ ይዛኝ አልተቆጣችም። እጄን ገልብጣ አየችና ምክር ሰጠችኝ፦ ዱቄት እንዳትነሰንሺ፣ ቁልፉ ውስጥ ገብቶ ይጋግራል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢና ሸባ እሺበት። ሸባ እዚህ ወንዶች ከተላጩ በኋላ ፊታቸውን የሚያሹበት ነጭ ድንጋይ ነው። ገዛሁ። ለሩብ ሰዓት ይሠራል። ሰው ሲያየኝ ግን ሸባም አይችለውም።

ለምን በግልጽ እየጠረግሽ አትጫወቺም ትይኛለሽ። እሺ፣ ልንገርሽ። ለማንም አልነገርኩም።

ኮሮና ሊመጣ ሲል ዘ. ሁለቱንም እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። አጥብቃ፣ እያለቀሰች። ደረቀ። እውነቴን ነው፣ ደረቀ! ተነሥቼ መሰከርኩ፣ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ለሁሉም አሳየሁ። ሃሌ ሉያ። እልልታ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ወለል ስወለውል ተመለሰ። ምን ልበላቸው? ጌታ ሐሳቡን ቀየረ ልበል? ዝም አልኩ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ ጸሎት በስልክ ሆነ። ደስ አለኝ። ሰው እየሞተ እኔን ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 25። ማታ

ወ/ዊ ደወለ። ዘ. ቅዳሜ አትመጣም። ምናልባት ከእንግዲህም። በስንት ልመና ነው የተናገረችው፦ እኔ የመጣሁ ቀን ጓንት አጠለቀች፣ ተጸየፈችኝ።

እሱ ደግሞ ሊያስታርቅ ብሎ፣ እህታችን ለሁላችን ጤና ብላ ነው ብሏት አረፈው!

አልገባኝም ነበር። እውነት አልገባኝም። በታመመች ጊዜ ምግብ ደጃፏ ላይ አስቀምጠን፣ አንኳኩተን፣ ሮጠናል። እኔም ሮጫለሁ። ድና ስትመጣ ያየችው ነጭ ጓንት ነው።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ያንን ምስክርነቴን ስንት ስብከት ውስጥ እንዳስገባው ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። እጸልይበታለሁ አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 27። 11 ሰዓት

ያለ ዘ. ዘመርን። ተንጫጫን ማለት ይቀላል። ሁለት እህቶች ከእኔ ተምረው የፕላስቲክ ጓንት አጥልቀው መጡ። ሲያጨበጭቡ ፌስታል የሚያንኮሻኩሹ ይመስላል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እኔም አጥልቄአለሁ። ማውለቅ አቃተኝ። ባወልቅ ለምን አወለቅሽ ይላሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 30። ከሥራ በኋላ

ስዌይለህ፣ ዘ. ቤት ሄድኩ፣ በሰርቪስ ታክሲ፣ ብርቱካን ገዝቼ። ልነግራት ነው። መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩት።

በሩን ከፈተች። ከስታለች። እጇን ዘረጋችልኝ። ደብተሬ፣ እጇን! ዓመት ሙሉ ማንም ያልዘረጋልኝን። እነካት እንደሆነ ልታይ ነው፣ ገብቶኛል። የእኔ እጅ ይንጠባጠባል። ከኋላዬ ደበቅሁትና የክሎር በረኪና ነክቻለሁ አልኳት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ብርቱካኑን ከእጄ አልተቀበለችም። እዚያው መሬት አድርጊው፣ ለምጄዋለሁ አለች።

ልሄድ ስል ሌላ ነገር ጨመረች፣ ያለ ቁጣ። ብቻዋን ተኝታ ትንፋሽ ሲያጥራት የእኔን እጅ ታስብ ነበር። «የእሷን እጅ ያደረቀ ጌታ ለእኔ ትንፋሽ አያጣም» እያለች ነው ያነጋችው። «እናም ያ እጅ እኔን ለመንካት ተጸየፈ» አለች።

ምን ብዬ ልንገራት አሁን? ብነግራት የያዘችውን እነጥቃታለሁ። ባልነግራት እንደተጸየፍኳት ታስባለች። ወረድኩ። ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 2። 12 ሰዓት

ነገርኳት።

በሩ ላይ፣ ሳትጋብዘኝ፣ መጀመሪያ እጄን ዘርግቼ። እንደረጠበ። ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ መዳፌን አየችው። ጓንቱ ለአንቺ አይደለም፣ ለዚህ ነው አልኳት። የመሰከርኩ ሳምንት ተመልሷል። እስከ ዛሬ ዋሽቻለሁ፣ አንቺንም ሁሉንም።

እጄን እንደያዘች፦

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ሌሊት ምን ይዤ ነው ያነጋሁት?»

እጄን ለቀቀች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በሩን ዘጋች፣ ቀስ አድርጋ። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 4። 6 ሰዓት

ጸሎት 8 ሰዓት ነው። እጄ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቧንቧ። ሸባ አላሸሁም።

ትናንት ሐዘር፣ ቀኑን ሙሉ ጣራ ሳይ ዋልኩ። ወሰንኩ። በባዶ እጅ እጫወታለሁ፣ ከመጫወቴ በፊት ግን እነሣለሁ። ለሦስት ቀን ደርቆ ነበር፣ የቀረውን ዓመት ዋሸሁ እላለሁ። ዘ. በእኔ ጓንት ምክንያት ቤቷ ቀረች፣ ያጠለቅሁት ግን በሽታዋን ፈርቼ አይደለም እላለሁ። ወ/ዊ ደንግጦ መዝሙር ጀምሪ ይለኛል። ሳልጨርስ አልጀምርም። ያፍሩብኝ። ኪቦርዱንም ይቀበሉኝ እንደሆነ ይቀበሉኝ።

ስልክ።

ዘ. ናት። የድምፅ መልእክት፣ በጣም አጭር። ሰላምታ የለውም፣ ቁጣዋም አልበረደም። ፎጣ ይዘሽ ነይ፣ እኔ ስመራ ኖታ የሚያንሸራትት ሰው አልፈልግም አለች። አለቀ።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እኔ ስመራ ነው ያለችው።

ሁለት ፎጣ ይዣለሁ። ምስክርነት ያለው ሲባል ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ።