የሚልዮን ነጭ ጫማ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም... ለማንም ያልነገርኩት ነገር ግን አለ። ዕቃ ፎቶ አነሳለሁ። ሰው አይደለም፣ ዕቃ። ሰው ሲያየኝ ስልኬን እደብቃለሁ። ብርጭቆ ግን አያየኝም።

ዛሬ ሎሚ ነበር። የጎረቤቶቻችን ቤት ከፈረሰ ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመስኮታችን ብርሃን ይገባል። እነሱ ሄዱ፣ ብርሃኑ ለእኛ ቀረ። ደስ ሊለኝ ይገባል?

መስኮቱ ላይ ነጭ ፌስታል ለጠፍኩ፣ ብርሃኑ ለሰለሰ። በሌላው በኩል የእማዬን ትሪ አቆምኩ፣ የሎሚው ጥላ ቀለል አለ። ከኋላ ካርቶን። ካርቶኑ ሎሚውን አደበዘዘው። ሃያ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ሁሉንም አጠፋሁ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ጓደኛዬ ሳምራ መጣች። ላንቻ ሰፈር ጫማ ቤት ነው የምትሠራው። ስልኬን ከእጄ ቀማችኝ።

«አንቺ ዝምተኛ! ይሄን ሁሉ ደብቀሽ ነው? አለቃዬ ለቴሌግራም ፎቶ የሚያነሳለት ሰው እየፈለገ ነው። ማለቴ... አንድ ጫማ አንሺና እናሳየው፣ በቃ።»

«የሚነሳ ጫማ የለኝማ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች እግሬን እያየች። ሳቀች። «የወንድምሽስ? ነጭ አልነበረው? ከጀርባው ጥቁር ነገር አድርጊለት፣ ያብዳል!»

ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቋረጥኩ ወዲህ «ትችያለሽ» ያለኝ ሰው የለም።

የወንድሜ የሚልዮን ጫማ አልጋው ሥር ነው። በሊቢያ በኩል እሻገራለሁ ብሎ ሲወጣ «ይሄ ለመንገድ አይሆንም፣ ስመለስ አደርገዋለሁ» ብሎ ትቶት ሄደ። ከደወለ ስምንት ወር ሆነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

አነሳሁት። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሳጥን ውስጥ ጥቁር ጨርቅ አገኘሁ፣ ከጫማው ሥርና ከኋላው ዘረጋሁት። ጀርባው ጠፋ፣ ጫማው ብቻውን ቀረ። ለሳምራ ልልክላት ስል እማዬ ገባች...

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ትናንት መጨረስ አቃተኝ።

ጨርቁ እማዬ ለአባዬ ሐዘን የለበሰችው ነጠላ ነው። አውቅ ነበር። ግን ጥቁርነቱን ብቻ ነው ያሰብኩት። እንዴት እንዲህ እሆናለሁ?

እማዬ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ከዚያ ጫማውን አየች።

«መርዶ መጣ?»

«እማዬ...»

«ከእኔ ደብቃችሁ ነው? ማን ነገረሽ?»

«ማንም! ፎቶ ነው እማዬ፣ ፎቶ ብቻ ነው...»

«ልጄን በቁሙ ቀበርሽው?»

ነጠላውን ስትስበው ጫማው መሬት ላይ ወደቀ። አነሳችውና በቀሚሷ ጠረገችው። አቧራ አልነበረውም።

ጥቅምት 9

አታናግረኝም። ሳምራ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ሳምራ በር ድረስ መጣች። «አለቃዬ ሌላ ሰው ያዘ እኮ! ምን ሆነሽ ነው ግን?»

«ምንም።»



ፌስታሉን ከመስኮቱ አነሳሁት።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ዛሬ እማዬ አናገረችኝ።

«ፎቶውን አጠፋሽው?»

«አዎ።»

«አሳዪኝ።»

አላጠፋሁትም ነበር። እንዴት አወቀች? ስልኩን ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ተረከዙን በውጪ በኩል ነው የሚጨርሰው» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ። ጫማ አይበረክትለትም።»

ብርሃኑ ያረፈው ልክ እዚያ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሳነሳ አላየሁትም።

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተች። ጥቁሩን ነጠላ አውጥታ ለበሰችው።

«እማዬ! ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። በርዶኝ ነው።»

ፀሐይ ነበር። ፊቷ ላይ ሳይቀር ፀሐይ ነበር።

እኔ ነኝ ያለበስኳት? ወይስ ስምንት ወር ሙሉ በሆዷ ለብሳው ነበር?... አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈራሁ። እኔም እሱን መጠበቅ ያቆምኩ ይመስለኛል። መቼ እንዳቆምኩ ግን አላውቅም።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጫማውን ደጃፍ ላይ አወጣዋለሁ። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ትሪ። ሲገባ እንደሚጥለው አድርጌ፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን በጎኑ። ለማንም አልልከውም። ግን አነሳዋለሁ።